የካፖርቱ ጠርዝ

ጥቅምት 5 ቀን

ለአባዬ፣

ከሁሉ በፊት ናፍቆቴ ይድረስህ። ገና በሦስተኛ ቀንሽ ምን ናፍቆት አለ እንዳትለኝ፤ እኔ የናፈቅሁህ አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ነው።

ካፖርቱን አላወለቅሁም። «ልያዝልሽ የሚል ሰው ቢመጣ እምቢ በይ» የምትለዋን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ያገኘኋት እዚህ ከደረስኩ በኋላ ነው። ደግነቱ ልያዝልሽ ያለኝም የለም። ፍተሻው ላይ ብቻ አስወልቀውኝ በሳጥን አሳለፉት፤ ያን ጊዜ ነፍሴም ከካፖርቱ ጋር አብራ ነበር የገባችው። ያ ትኩሳት ጆሮዬን ከወሰደው ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሱሪ እያሳጠርክ፣ ዩኒፎርም እየሰፋህ ያጠራቀምከው የውጭ ገንዘብ በሙሉ ጠርዙ ውስጥ መሆኑን ማን ያውቃል? ስራመድ እግሬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል። ይንኮሻኮሽ አይንኮሻኮሽ ግን አልነግርህም፤ እሱን የሚሰማ ጆሮ ቢኖረኝ መቼ እዚህ እመጣ ነበር!

አከራይዋ በዕድሜ የገፋች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ካፖርቴን ለብሼ ስተኛ አይታ የበረደኝ መስሏት ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ወንበር፣ የሌላ ሰው ግድግዳ የሚያሳይ መስኮት።

በወረቀቷ ጀርባ «ለመንገድ የሰጠሁሽ ይበቃሻል?» ብለሃል። መብቃቱ ይበቃል፣ አየር ማረፊያው ላይ መንዝሬዋለሁ፤ ግን እዚህ ገንዘብ መያዝ ብቻውን ዋጋ የለውም። አውቶቡስ ገብቼ ሳንቲሜን ዘረጋሁ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። አነሰው ብዬ ጨመርኩ። ደግሞ ነቀነቀ። ከኋላዬ የነበሩት ካርዳቸውን ማሽኑን እያስነኩ አለፉኝ። ለካ ከነጭራሹ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ።

እቤት ሳለሁ ከሰው ከንፈር ላይ ወሬ እለቅም ነበር፤ እዚህ ከንፈሩም የባዕድ ሆነብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያናገረኝ ሰው የለም። ያናገረኝ ቢኖርም አላወቅሁም።

ነገ ሐኪም ቤት እቀርባለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ያችን የምታሰማዋን ማሽን የሚያስገቡልኝ ጥቅምት 20 ነው፤ ከዚያ በፊት ክፍያው በባንክ መግባት አለበት። ነገ ጠዋት ጠርዙን እተረትራለሁ።

መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የምትጽፍልኝን ጠመኔ አትጣለው፣ አዲስም ግን አትግዛ። አሥራ አንድ ዓመት «ራት በላሽ?»፣ «በሩን ዝጊ»፣ «ማነው የመጣው?» እያልክ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው የኖርነው። ስመለስ በአፍህ ትነግረኛለህ።

ልጅህ ቁልፍ


ጥቅምት 14 ቀን

ለቁልፌ፣ ለፊትና ኋላዬ መግጠሚያ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ቤቱ ነው። አንቺ ሳትሰሚ ያን ያህል ስታወሪ፣ እኔ መልሱን በጠመኔ እስክጽፍ ሌላ ሦስት ጥያቄ ስትጨምሪ ቤቱ ሙሉ ነበር። አሁን የስፌት መኪናው ብቻ ነው የሚያወራው፤ እሱም እኔ ካልጀመርኩለት አይናገርም።

ፊደሌ ቢያስቸግርሽ ይቅርታ። እስክሪብቶው ወፍራም ነው። መስመሩ የተጣመመውም ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው፤ ደጃችን ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊው ላስተካክልልዎት ብሎ አንዱን እግር አሳጠረብኝ።

በሁለተኛዋ አጭር ደብዳቤሽ ስለ ዩኒፎርሙ ጠይቀሽኛል። ዘንድሮ ለታች ሰፈሩ ልብስ ሰፊ አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። ልጆቹ በዙ፣ እኔ አረጀሁ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ይልቅ አንቺ ያልነገርሽኝ አለ። ገንዘቡ ተመነዘረ ወይ? ባንኩ ምን አለ? ሁሉንም ተቀበሉሽ ወይስ የመለሱብሽ አለ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠሽ ተረጋግተሽ እይው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ። አንዱንም አልመለሱብሽም?

አባትሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለአባዬ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ወረቀቱን ነው የማዝንለት።

ገንዘቡ ደህና ነው። አትጨነቅ።

ቀዶ ጥገናው ግን ለጥቂት ጊዜ ተላልፏል። ሐኪሙ ተራ በዝቶበት ነው። ምንም ክፉ ነገር የለውም።

ቀኑን በምን ታሳልፊያለሽ ብትለኝ፣ የአከራይዋን መጋረጃዎች እቀመቅማለሁ። አንድ ቀን የራሴን ቀሚስ ስጠግን አየችኝና ዘጠኝ መጋረጃ ተሸክማ መጣች። ከኪራዩ ይቀነስልሻል ብላ በጣቷ ቁጥር ሠርታ አሳየችኝ። ከእሷ ጋር በጣትና በግንባር ነው የምንግባባው። ካንተ ትሻላለች፣ ጠመኔ አታባክንም።

ትናንት ዳቦ ቤት ገብቼ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈውን አላስተዋልኩም፤ እዚያም ካርድ ብቻ ነው። ዳቦውን መልሼ ላስቀምጥ ስል ከኋላዬ የቆመችው ሴት እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ በካርዷ ከፈለችልኝ። ሳንቲሙን ልሰጣት ስል እጄን ጨብጣ ዘጋችውና ሄደች። ደጅ ወጥቼ ዳቦውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ለዳቦው አይመስለኝም። ከመጣሁ ጀምሮ ሰው እጄን ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የካፖርቱን ጠርዝ የዘጋኸው በእጅህ ነው ወይስ በመኪና? እንዲያው ነው የጠየቅሁህ።

ቁልፍህ


ኅዳር 8 ቀን

ለቁልፌ፣

ይህን የሚጽፍልሽ ጫማ ሰፊው ነው። መነጽሬ ወድቆ ተሰበረና አዲሱ እስኪሠራ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ፊደሉ እንደሚሠራው ጫማ ነው፣ ቀኝና ግራው አይመሳሰልም። (እቱ፣ ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ ጋሼ ያልኩህን ሁሉ ጻፍ ስላሉኝ ነው።)

ጠርዙን በመኪና ነው የዘጋሁት። በእጅ ቢሆን መንገድ ላይ ይተረተርብሻል ብዬ ነው። ለምን እንደጠየቅሽኝ አልጠይቅሽም።

ሐኪሙ ተራ በዝቶበት ነው ያልሽውን ሁለት ጊዜ አስነብቤዋለሁ። ዳቦ የገዛችልሽን ሴት ደግሞ አምስት ጊዜ። እጇን ይባርክልኝ። ሌላው ቀርቶ ጫማ ሰፊው እንኳ ያንን ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ፤ አለዚያ የአንቺን ደብዳቤ የሚያነበው ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ በሙሉ ነው።

ለእኔ አታስቢ። ራቴን እበላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ።

አባትሽ

እቱ፣ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው፤ ጋሼ ውሃ ሊጠጡ ጓዳ ገብተዋል። የተሰበረ መነጽር የለም። ግራ ዓይናቸው ከዓምና ጀምሮ አያይም፣ ቀኙም እየደከመ ነው። ሰኔ ላይ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ክር በመርፌ የማስገባላቸውም እኔው ነኝ፣ ያውም አንቺ ገበያ እስክትወጪ እየጠበቅን። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ነገረኝ እንዳትይ፤ የምቀመጠው እሳቸው ደጅ ላይ ነው።


ኅዳር 20 ቀን

ለአባዬ፣ ለሚያነብልህም ሰው ሰላምታዬ ይድረሰው፣

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ሁለቱም አልቀዋልና እውነቱን ልንገርህ።

ጠርዙን ስተረትር ኖቶቹ እንዳስቀመጥካቸው ተደርድረው ነበር፣ ስፌቱ ግን በላያቸው ላይ ነው ያለፈው። አርባ ሁለቱም፣ አንድ ሳይቀር፣ ጫፍ ጫፋቸው በመርፌ ተበስቷል። ክሩን አንድ በአንድ ለቅሜ፣ በአከራይዋ ካውያ በስሱ ተኩሼ ባንክ ወሰድኳቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አንዱን ወደ መብራቱ ስታነሳው ቀዳዳዎቹ በረድፍ ብርሃን አሳለፉ። እሷም እንደ ሾፌሩ ራሷን ነቀነቀች። ሦስት መንዛሪ ቤት ሄድኩ፤ አንዱ ጭራሽ ከሩቅ አይቶ መስኮቱን ዘጋብኝ። እዚህ የውጭ ገንዘብ እንደ እንቁላል ነው፣ የተሰነጠቀውን የሚገዛ የለም።

በመጨረሻ ባንኩ ኖቶቹን ለምርመራ ተቀብሎ ደረሰኝ ሰጠኝ። መልሱ በታኅሣሥ ይመጣል። ሊቀበሉትም፣ ላይቀበሉትም ይችላሉ። የጥቅምቱ ቀጠሮዬ ያለፈው በዚህ ነው እንጂ ሐኪሙ ምንም አላደረገም፤ ስሙን ስላጠፋሁ ይቅር ይበለኝ። አሁን ለታኅሣሥ 22 አንድ ቦታ ይዘውልኛል። እስከ 15 ካልከፈልኩ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ዓመት መጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ ያንተ ተራ ነው። የነገረኝ ሰው የለም (አንተ የምታነብለት፣ እዚህ ጋ ስትደርስ እንዳትስል)። የነገረኝ ስፌቱ ነው። አርባ ዓመት የሰው ጨርቅ ያላበላሸ ሰው እያየ ገንዘብ ላይ መኪና አይነዳም፤ ሳታይ ቀርተህ ነው። ከዚያ ጠመኔው ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ፊደልህ እየተለቀ፣ እየተለቀ ሄዶ «ራት በላሽ?» ብቻዋን ጠረጴዛውን ትሞላው ነበር። እኔ ደግሞ የተቆጣኸኝ እየመሰለኝ፣ እየጮህክብኝ እየመሰለኝ አኮርፍህ ነበር። አባዬ፣ ለካ የራስህን ጽሑፍ ለማየት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ከዋናው መንገድ ጀርባ የተበሳውንም በግማሽ ዋጋ የሚወስድ አንድ መንዛሪ አለ። ኖቶቹን ከባንኩ አስመልሼ ለእሱ ሰጥቼ ልመጣ ነው። ግማሹ ለጆሮዬ አይበቃም፣ ለዓይንህ ግን ይበቃል። መልስህ እስኪደርሰኝ ሻንጣዬን ከአልጋው ላይ አላወርድም።

ቁልፍህ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ለቁልፌ፣

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መስመር በመስመር ላይ ወጥቶ ቢሆን ቀስ ብለሽ ለዪው። ጫማ ሰፊው ልጻፍልዎት ብሎ ነበር፤ ይህን ግን በእሱ እጅ ማጻፍ አልቻልኩም። አዎ፣ አትሳል ያልሽበት ቦታ ላይ ስሏል። አልተቆጣሁትም።

ሳታይ ቀርተህ ነው ብለሽ ሰበብ ፈልገሽልኛል። እንደዚያ ቢሆን በወደድኩ። ልጄ፣ መርፌው ወረቀት ሲበሳ ሰምቼዋለሁ።

ጨርቅ ሲሰፋ ዝም ይላል፤ ወረቀት ግን ይጮሃል። ገና ከመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ስፌቶች አውቄዋለሁ። መኪናውን አቁሜ፣ ወደ ኋላ መልሼ፣ ምላጩን አነሳሁ። ጥቁር ክር፣ ጥቁር ጨርቅ። በጣቴ ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት። አንቺ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ሻንጣሽን ትሸክፊ ነበር። ትከሻሽን ነካ ባደርግሽ በአንድ አፍታ ትተረትሪው ነበር። ግን ያን ጊዜ እንደማላይ ታውቂብኛለሽ፤ ካወቅሽ ደግሞ አትሄጂም። እኔ ነኝ ያሳደግሁሽ። አውሮፕላንሽ በማግስቱ ነበር። ቢበሳስ ምን ይሆናል፣ ገንዘብ ያው ገንዘብ ነው አልኩና መኪናውን እስከ መጨረሻው ነዳሁት። እያንዳንዱን ሰማሁት። አንቺ ግን አልሰማሽም። እንዲያውም መሃል ላይ ቀና ብለሽ ሳቅሽልኝ።

በጥቅምቱ ደብዳቤዬ ተመነዘረ ወይ፣ ተመለሰ ወይ እያልኩ የጨቀጨቅሁሽ ለዚህ ነው። በባዕድ አገር ከመስኮት መስኮት ያንከራተትኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።

ስለ ዓይኔ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብታ ያቆየዋል ብሎኛል ሐኪሙ። ጠብታው አንድ ሱሪ ባሳጠርኩበት ይገዛል። ስለዚህ ገንዘቡን ለዓይንህ የምትይው ነገር የለም። ለእኔ ብለሽ የምትመጪበት ምክንያት የለሽም።

እስቲ አስቢው። አንድ ቀን በጠመኔ መጻፍ አቆማለሁ። ያን ጊዜ አንቺም እንደሄድሽ ሳትሰሚ ተመልሰሽ ከሆነ፣ ታወሪኛለሽ፣ እኔም እሰማሻለሁ፣ መልሴ ግን የሚደርስሽ መንገድ የለውም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሆነን ለየብቻ ልንቀመጥ ነው። ጨለማውን አልፈራሁትም፤ ይሄንን ነው የፈራሁት። ሌሊት የሚያስነሳኝ ይሄ ነው።

ለዚያ መንዛሪ አትስጪ። እስከ 15 ጠብቂልኝ።

አባትሽ


የካቲት 3 ቀን

ለአባዬ፣

የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስልህ። አዎ፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ድኗል። አዎ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን ብቻዬን አልነበርኩም፤ አከራይዋ መጋረጃ ስቀመቅም እንደምታየኝ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር። አይ፣ አልተቀየምኩህም። ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ?

ባንኩ በመጨረሻው ሰዓት፣ ታኅሣሥ 14 ላይ፣ አርባ አንዱን ተቀብሏል ብዬህ ነበር። ቀዳዳ ዋጋ አይቀንስም አሉ፤ ሁለት ወር የፈጀባቸው ይህችን ለመወሰን ነው። የመለሱብኝ አንዷን ነው፣ የመጀመሪያዋን። ያቆምክባትና ወደ ኋላ የመለስክባት ስለሆነች መርፌው ቦታውን ደጋግሞ በስቶት ተቀድዳለች። የጎደለውን አከራይዋ ከመጋረጃው ሥራ ጋር አስባ ሞላችው፤ አሁን አምስት የአልጋ ልብስ ይቀረኛል።

ለክፍያው ብለው ባንኩ ስሜ ያለበት ካርድ ሰጥተውኛል። ለአውቶቡሱ ሾፌር ላሳየው ብዬ ብቻ አንድ ፌርማታ ተሳፈርኩ።

ማሽኗን የከፈቱልኝ ጥር 21 ነው። መጀመሪያ የሰማሁትን ልንገርህ፣ እንዳትስቅ። ሐኪሙ ሲናገር ምንም አልገባኝም። ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ስወጣ ያ ዳቦ ቤት ገባሁ፣ ካርዴን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጢጥ አለ። ገንዘብ መክፈል ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዞሬ ተመልሼ ሌላ ዳቦ ገዛሁ፣ ጢጥ። አራት ዳቦ ይዤ እቤት ገባሁ፣ አከራይዋ እንግዳ አለሽ ወይ ብላ በጣቷ ጠየቀችኝ።

የሰው ቃል ገና አይለይልኝም፤ ሐኪሙ በጊዜው ይመጣል ይላል። ያንተንም ድምፅ ብሰማው እንኳ የማን እንደሆነ አላውቀው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ የካቲት 23 ጠዋት በሦስት ሰዓት ወደ ጫማ ሰፊው ስልክ ስደውል ምንም አትናገር። ስልኩን መኪናው አጠገብ አስቀምጠው። የመለሱብኝን ኖት በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልሃለሁ፤ ጫማ ሰፊው ከመርፌው ሥር ያስገባልህ። አንዴ ጨርቅ ስፋ፣ አንዴ እሷን ስፋ። የትኛውን አስቀድመህ እንደሰፋህ አትንገረኝ፣ እኔ ነኝ የምነግርህ።

ከጎንህ ተቀምጬ ያልሰማሁትን ከዚህ ሆኜ ልስማው።

ልጅህ ቁልፍ